ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ማንዋል፦ ዌይባክ ማሽንን በአሮጌ ስዊች ፈተንኩት

ባለፈው ክረምት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን ኔትወርክ እንዳስተካክልለት ጠራኝ። ጥሪው በሰው በሰው የመጣ ነው። ክፍያውም እንደዚያው፤ እሱን እንተወው። አንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲቀይር ያገለገሉ ኮምፒውተሮቹን ለትምህርት ቤቱ ሰጥቷል፤ ከነሱ ጋር ሁለት ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን፣ አብሮ መጥቷል። የንብረት ክፍሉ ጋሼ የቁልፍ ዘለላቸውን እያንቀጫቀጩ ዕቃ ቤት ወሰዱኝና ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ አሳዩኝ።

«እነዚህ ናቸው። ሞዴል 19 ተቆርጦላቸው በሥርዓት የገቡ ናቸው። ስዊች፣ ብዛት ሁለት» አሉኝ።

«ማንዋላቸውስ ጋሼ?»

መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱ። «ማንዋል የሚባል አልገባም ልጄ።»

ስዊቾቹ ስሪኮም የሚባል ኩባንያ ሥራ ናቸው። ሱፐርስታክ 3 ስዊች 4400፣ ባለ 24 ፖርት። ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ አዲሱን የማታገኙት ዕቃ ነው። የፖርቱ ፍጥነት 100 ሜጋ ነው። ለዛሬ ሰው ያስቃል፤ ተማሪ ፋይል ለሚለዋወጥበትና አንድ ፕሪንተር ለሚጋራበት ክፍል ግን ይበቃል፣ ይተርፋል። በዚያ ላይ ብረት ነው። በጨርቅ ጠርጌ መብራት ላይ ስሰካው ትናንት የጠፋ ይመስል ተነሣ።

ደስታዬ አሥር ደቂቃ አልቆየም። ሁለት ኮምፒውተር ሰካሁ፤ አይተያዩም። ኬብል ቀየርኩ፤ አይተያዩም። ፖርት እያቀያየርኩ ስሞክር ነገሩ ገባኝ። ከ1 እስከ 8 ያሉት እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ከ9 ወዲያ ያሉት ደግሞ ለብቻቸው። የድሮው መሥሪያ ቤት አይቲ ፖርቶቹን በቪላን፣ ማለትም አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ስዊቾች በሚያደርግ ቅንብር፣ ከፋፍሎ፣ በፓስወርድ ቆልፎ ሄዷል። ምናልባት ሒሳብ ክፍሉን ከሌላው ለመለየት ይሆናል። ቢሮው ፈርሶ አጥሩ ብቻ ከዕቃው ጋር ትምህርት ቤት ድረስ መጣ ማለት ነው። እንደ ቤት ራውተር በመርፌ ተጭኖ ሁሉን የሚያጠፋ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ያለ ማንዋል ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም።

ስለዚህ ዛሬ የምገመግምላችሁ ማንዋሉን ያወጣልኝን አገልግሎት ነው፤ የድሮ ድረ-ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠውን ዌይባክ ማሽንን። ውጤቱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አምስተኛዋ ለምን እንደቀረች ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

መጀመሪያ እንደ ማንም ሰው ጉግል አደረግሁ። ስም አልጠራም እንጂ የማንዋል ድረ-ገጽ ነን የሚሉ ብዙ ናቸው። አንዱ ሦስት ገጽ አሳየኝና አራተኛው ላይ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። ሌላው ላይ «ዳውንሎድ» የሚሉ አራት ትልልቅ አረንጓዴ ቁልፎች አሉ፤ አራቱም ማስታወቂያ ናቸው፤ እውነተኛው ታች ጥግ ላይ በትንሽ ግራጫ ፊደል ተጽፎ ተደብቋል። እሱን አግኝቼ ስጫነው የወረደው ፋይል መጨረሻው ላይ ኢኤክስኢ ይላል፤ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው ማለት ነው። አቦ! ማንዋል መቼም ፒዲኤፍ ነው፣ ቢበዛ ዚፕ ነው። ኢኤክስኢ ሆኖ ከመጣላችሁ ሳትከፍቱ አጥፉት። ሦስተኛው እውነተኛ ማንዋል ሰጠኝ፤ ግን የሌላ ስዊች። እዚህ ላይ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። «ስሪኮም 4400» ብዬ ነው የፈለግሁት። ኤስኢ የሚል ቅጥያ ያለው 4400 እንዳለ አላወቅሁም ነበር፤ ቁጥሩም ሌላ ነው፣ የሚችለውም ሌላ ነው። የሞባይል ፓኬጄ ግማሹ በዚህ አለቀ።

ከዚያ ስዊቹን ገለበጥኩት። ይሄ መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ነገር ነው። ሥሩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት 3ሲ17203 ትላለች። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ስም የሽያጭ ስም ነው፤ የዕቃው ትክክለኛ መታወቂያ ይህቺ ከታች ያለችው ቁጥር ናት። ኤስኢ የሚለው 3ሲ17206 ነው። ባለ 48 ፖርቱ ደግሞ 3ሲ17204። አንዲት ዲጂት ብትሳሳቱ የጎረቤትን ማንዋል ታነባላችሁ።

ወረቀቷ ተልጣ ከሆነስ? ማክ አድራሻውን፣ ማለትም እያንዳንዱ የኔትወርክ ዕቃ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን ቁጥር፣ እዩት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሆሄያት አምራቹን ይናገራሉ፤ 00-60-8ሲ ብሎ ከጀመረ ስሪኮም ነው፣ 00-00-0ሲ ከሆነ ሲስኮ። ዝርዝሩን የሚይዘው አይትሪፕልኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። ሞዴሉን አይነግራችሁም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን ታውቃላችሁ።

ማንዋሉ ለምን ጠፋ የሚለው የራሱ ታሪክ አለው። ስሪኮምን እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቋቋመው ቦብ ሜትካፍ ነው፤ ዛሬ ኬብል በሰካን ቁጥር የምንጠቀምበትን ኢተርኔት ከፈለሰፉት አንዱ። ስሙ ራሱ ኮምፒውተር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፓቲቢሊቲ ከሚሉት ሦስት «ኮም»ዎች የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ኩባንያ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? በሚያዝያ 2010 ኤችፒ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛው። ስሙ ቀረ። የዕቃ ቁጥሮቹ በኤችፒ ቁጥር ተተኩ። በ2015 ኤችፒ ራሱ ለሁለት ሲከፈል የኔትወርኩ ሥራ ለሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ደረሰው። አዲስ ባለቤት ባለፈው ባለቤት ዘመን የተሸጠ፣ አንድም ሳንቲም የማያስገባለት ዕቃ ወረቀት እንዲጠብቅ የሚያስገድደው የለም።

ስሪኮም ግን ደህናው ነው፤ አንድ ጊዜ ነው የተሸጠው። ባይስታክ 450 የሚባል ስዊች ያጋጠማችሁ ካላችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ። ባይ ኔትወርክስ ሠራው። በ1998 ኖርቴል ባይን ገዛ። በጥር 2009 ኖርቴል ራሱ ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ፤ በዚያው ዓመት የድርጅቶች ኔትወርክ ክፍሉን አቫያ ወሰደ። በ2017 ደግሞ አቫያ የኔትወርክ ሥራውን ለኤክስትሪም ኔትወርክስ ሸጠ። አንድ ስዊች፣ አራት አሳዳጊ። ማንዋሉን ስትፈልጉ በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ስም እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ ቀኑን ሙሉ ብትቆፍሩ አታገኙትም። በአንዱ ስም የጠፋው በሌላው ስም ሊኖር ይችላል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ላይ የኩባንያ ታሪክ ማወቅ ከቴክኒክ ዕውቀት እኩል ያበላል።

እንግዲህ ወደ ዌይባክ ማሽን። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አገልግሎት ነው። ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 ድርጅቱን አቋቋመ፤ ዌይባክ ማሽን ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ነው። ሥራው ድረ-ገጾችን እየዞሩ መቅዳት፣ ቀን መጻፍና ማስቀመጥ ነው። ገጹ ነገ ቢጠፋ የትናንቱ ቅጂ አለ። ገንዘብ አይጠየቅም፣ ለማየት ምዝገባ የለም። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነው። ይሄን ሳውቅ ፈገግ አልኩ፤ እኛም አገር ብራናው ተርፎ የተገኘው ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው።

አጠቃቀሙ ላይ መጀመሪያ ቀን ተሸወድኩ። ሳጥኑ ላይ እንደ ጉግል «ስሪኮም ስዊች ማንዋል» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ አይደለም። ቃል ስትጽፉለት የሚፈልገው የድረ-ገጾችን መነሻ ገጽ ነው እንጂ የእያንዳንዱን ፋይል ውስጥ አይደለም። አድራሻ ነው የሚፈልገው፤ ያውም የድሮውን አድራሻ። ከየት ይመጣል? ሰዎች ያኔ ከለጠፏቸው ዛሬ ከማይከፍቱ ሊንኮች። የማይከፍት ሊንክ ስታገኙ አትናደዱ፣ ኮፒ አድርጉት። ለዌይባክ ማሽን የሞተ ሊንክ ማለት ቁልፍ ማለት ነው። እኔ የስሪኮምን የድጋፍ ገጽ አድራሻ ያገኘሁት እዚያው ተሳስቼ ካወረድኩት የኤስኢ ማንዋል መጨረሻ ገጾች ላይ ነው። የባከነ መስሎኝ ነበር።

አድራሻውን ሳስገባ ከላይ የዓመታት መስመር መጣ፣ ከታች ካላንደር። ካላንደሩ ላይ ክብ ክብ ምልክቶች አሉ። ቀለማቸውን ልብ በሉ። ሰማያዊ ከሆነ ገጹ በደንብ ተቀድቷል። አረንጓዴ ከሆነ ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ ነው። ብርቱካናማ ከሆነ ያኔም ገጹ አልተገኘም ነበር ማለት ነው፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ሰው ሁሉ በደመ ነፍስ የቅርቡን ዓመት ይጫናል። ተሳስቷል። ዕቃው በሕይወት የነበረበትን ዘመን ነው መጫን ያለባችሁ፣ ከሽያጩ በፊት። ለስሪኮም ከ2010 ወዲህ አትሂዱ። እኔ 2006ን መረጥኩ።

ገጹ ተከፈተ። ዓርማው፣ ሜኑው፣ የዘመኑ ጠባብ ዲዛይን፣ ሁሉም እንዳለ። አንድ ጊዜ የሰው ሁሉ ሥራ የነበረ ቦታ ባዶውን ስታዩት ትንሽ ይከብዳል። ሜኑውን ስትጫኑት ግን አይወርድም። የፍለጋ ሳጥኑም አይሠራም፤ ከጀርባው የሚመልስ ሰርቨር የለማ። የተቀዳው መልኩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «አይሠራም» ብሎ ይዘጋዋል።

አትዝጉት። ዘዴው ይኸውና፦ የድረ-ገጹን አድራሻ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ እዝባርና የኮከብ ምልክት ጨምሩ፤ /* ማለት ነው። ያኔ በዚያ አድራሻ ሥር በዘመናት ሁሉ የተቀዳው ፋይል በዝርዝር ይወጣል። ብዙ ሺህ መስመር ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ማጣሪያ ሳጥን አለ፤ እዚያ ላይ ፒዲኤፍ የሚለውን ቅጥያ በላቲን ፊደል ስትጽፉ ዝርዝሩ ይቀንሳል። እኔ ከዚያ የዕቃ ቁጥሬን ክፍል ጨመርኩ፤ 1720። ስሪኮም ማንዋሎቹን ሲሰይም የዕቃውን ቁጥር በማንዋሉ ቁጥር ውስጥ ይከት ነበር፤ የ3ሲ17203 ማንዋል ቁጥር ዲዩኤ1720-3 ብሎ ይጀምራል። ይሄን ያወቅሁት ከኤስኢው ማንዋል ሽፋን ላይ ነው፤ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳያቸው። እንደ እቁብ ቁጥር አፍጥጬ ስመለከት አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ።

ተጫንኩት። ከእኔ ኮኔክሽን ጋር ተደምሮ ጊዜ ወሰደ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ተከፍቷል። ጌቲንግ ስታርትድ ጋይድ፣ ሱፐርስታክ 3 ስዊች 4400፣ ከታች 3ሲ17203። ብቻዬን ክፍል ውስጥ ጮህኩ። ይህ ስዊች ሦስት መጽሐፍ አለው፤ ይሄኛው የመነሻው ነው፣ ሌላው ስለ አሠራሩ የሚያስረዳው ኢምፕልሜንቴሽን ጋይድ ነው፣ ሦስተኛው ትእዛዞቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝረው ነው። ለእኔ የመጀመሪያው በቂ ነበር።

ምን ሰጠኝ? በመጀመሪያ ኬብሉን። የስዊቹ ኮንሶል ፖርት፣ ላፕቶፕ በቀጥታ ተሰክቶ ስዊቹ የሚታዘዝበት ቀዳዳ፣ ባለ 9 ፒኑ የድሮ ዓይነት ነው። ከቦርሳዬ የማይጠፋው ሰማያዊው የሲስኮ ኮንሶል ኬብል አንዱ ጫፉ የኔትወርክ ኬብል ራስ ነው፤ እዚህ የሚገባበት የለም። ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ባለ 9 ፒን ኬብል ተገኝቶ ነበር፤ ሰካሁት፣ ጸጥ። ማንዋሉ መጨረሻ ገጾች ላይ የፒን ሥዕል አለ። የሚፈልገው ነል ሞደም ነው፤ የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር የተጠላለፈበት ኬብል። የእኔ ቀጥ ያለ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለቱም እያወሩ ሁለቱም እንደማይሰሙ ዓይነት ነው የሆነብኝ።

ምናለሽ ተራ ሄጄ ሁለት ሴቴ ባለ 9 ፒን ራስ ፈልጌ አመጣሁ። 2ን ከ3፣ 3ን ከ2፣ 5ን ከ5 በየድኩ። ማንዋሉ ሌሎች ሽቦዎችም ያሳያል፤ ለእኔ በሦስቱ ሠራልኝ። ፒኖቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ሁለተኛውን ስበይድ ሦስተኛው ቀለጠ፤ ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። አሁንም ጸጥ አለ። ላፕቶፔ ላይ ያለው የኮንሶል ፕሮግራም በ115,200 ፍጥነት ተቀምጧል፤ ባለፈው ለሠራሁት አዲስ ዕቃ ያስቀመጥኩት ነው። ማንዋሉን ገልጬ ወደ 19,200 አወረድኩት። ኢንተር ሁለት ጊዜ መታሁ። «ሎጊን» የሚል ጥቁሩ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ተናገረ እንዴ?» አሉ። ተናገረ ጋሼ።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር ፓስወርዱ ነው። ማንዋሉ እንዲህ ይላል፦ ፓስወርድ የጠፋባችሁ እንደሆነ በኮንሶል ግቡና ስሙም ፓስወርዱም ላይ «ሪከቨር» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስዊቹን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ሲነሣ አዲስ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ይኸው ነው። ለሦስት ቀን የተንከራተትኩለት ነገር አንድ አንቀጽ ነው። ስዊቹ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለው ገመዱን መንቀል ነበረብኝ፤ ሶኬቱ ደግሞ ክፍሉ ጥግ ነው። «ጋሼ፣ ይንቀሉት!» ብዬ ጮህኩ። ነቀሉት። «አሁን ይስኩት!» ሰኩት። ሲነሣ እንደተባለው አዲስ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ቪላኑን አጠፋሁ። ፖርት 1 ፖርት 15ን አየ።

በነገራችን ላይ ይህ በር ለእናንተ እንደተከፈተ ለሌላውም ክፍት ነው። ስዊቹ ጋ በአካል መድረስ የቻለ ሁሉ ይገባል። ማንዋሉ በሩን መዝጋት እንደሚቻልም ይናገራል፤ የድሮው አይቲ ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። እኔ አልዘጋሁትም። ስዊቹ ያለበትን ቁም ሣጥን ግን አስቆለፍኩ።

አሁን ስለ ቀረችው ኮከብ። ዌይባክ ማሽን የተቀዳውን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ከምዝገባ ጀርባ የነበረ ፋይል አይቀዳም፤ ስለዚህ ማንዋል ሲገኝ ፈርምዌር፣ ዕቃውን ከውስጥ የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ኩባንያዎች ፈርምዌርን ከማንዋል ይልቅ አጥብቀው ይቆልፋሉና። ገጹ ኖሮ ፋይሉ የሌለበት ጊዜም አለ፤ ስሙ ሰማያዊ ሊንክ ሆኖ ተጽፎ ስትጫኑት «ይህ አልተቀዳም» ይላችኋል። የፒዲኤፎቹን ውስጥ መፈለግ ቢቻል ኖሮ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር። ደግሞም የማይነቃነቅ አይደለም። በጥቅምት 2024 በሳይበር ጥቃት ለቀናት ተዘግቷል፤ የ31 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃም ሾልኳል። ተመልሶ ሲከፈት መጀመሪያ ማንበብ ብቻ ነበር የሚቻለው። ስለዚህ ያገኛችሁትን ፒዲኤፍ «አለ፣ ነገ አወርደዋለሁ» አትበሉ። ዛሬ አውርዱት፤ ፋይሉንም የዕቃውን ቁጥር ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ «ማንዋል 2 የመጨረሻ» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ራሳችሁም አታገኙትም።

ሌሎቹንም ጠቅለል አድርጌ ላውራ፤ ዌይባክ ብቻውን ሁሉን አይሸፍንም። ዋይፋይ ያለው ዕቃ ከሆነ ወደ አሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍሲሲ መዝገብ ሂዱ። ራዲዮ ያለው ዕቃ አሜሪካ ገበያ ሊገባ ሲል የውስጥ ፎቶውን፣ የሙከራ ውጤቱን፣ ብዙ ጊዜም ማንዋሉን ያስገባል፤ ያም ለሕዝብ ክፍት ነው። ከሥሩ ኤፍሲሲ አይዲ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አምስት ሆሄያት የኩባንያው ናቸው፣ የቀረው የዕቃው። ስሙ ተፍቆ ለጠፋ ዕቃ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዊንጮ ሳታነሡ ውስጡ ያለውን ቺፕ ስም በፎቶ ታነባላችሁ። ራዲዮ የሌለው ስዊች ግን እዚያ የለም። የእኔን 4400 ፈልጌ ግማሽ ቀን ያባከንኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

ለቤት ራውተር ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለው የራውተር ነፃ ፈርምዌር ፕሮጀክት የዕቃ ሠንጠረዥ አለው። ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ማንዋል ይበልጣል፤ ስንት ፍላሽ፣ ስንት ራም፣ የትኛው ቺፕ፣ ሁሉም በአንድ መስመር። እዚያ ላይ የምትማሩት ትልቁ ነገር የስሪት ቁጥርን ማክበር ነው። ያ ዝነኛው ሰማያዊና ጥቁር ሊንክሲስ ደብልዩአርቲ54ጂ አራተኛ ስሪቱ 4 ሜጋ ፍላሽና 16 ሜጋ ራም አለው፤ አምስተኛው 2 እና 8። ከላይ ሲታይ መንታ ናቸው። ለአራተኛው የተጻፈውን ፈርምዌር ለአምስተኛው ብትጭኑ ራውተሩ ጡብ ሆኖ ያርፋል። ስሪቱ የሚጻፈው ከሥሩ ባለችው ወረቀት ላይ ነው፤ አሁንም ገልብጡት።

ዕቃችሁ ከ1980ዎቹ ከሆነ ደግሞ ቢትሴቨርስ አለ፤ የወረቀት ማንዋሎችን ስካን አድርጎ በኩባንያ ስም በፎልደር የሚያስቀምጥ ቦታ። መልኩ ደረቅ ነው፣ ማስታወቂያ የለም፣ ደስ ይላል። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገጥመው ጥቂት ሰው ስለሆነ አላስረዝምም።

ሲስኮን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ሥራ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል። የሲስኮ ዕቃ ሽያጩ ሲያበቃ ቀኑ በይፋ ይታወጃል፤ ከሽያጭ ማብቂያው በኋላ ድጋፉ በተለምዶ 5 ዓመት ይቆያል፣ የመጨረሻው ቀንም አብሮ ይጻፋል። ሊያልቅበት የተቃረበ ዕቃ ያለው ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ማንዋሉን ማውረድ ይችላል። ለምሳሌ ካታሊስት 2950 ፓስወርዱ ቢጠፋ ከፊቱ ያለችውን «ሞድ» የምትል ቁልፍ ይዞ ማብራት ነው መነሻው፤ ይህን ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ማንዋል ቢጠፋ እንኳ ያ ዕቃ በየቢሮው ስለነበረ ሰው ይጠየቃል። የስሪኮምን ግን እኔ የጠየቅኳቸው አራት ቴክኒሻኖች ሁሉ «ኧረ እሱን ጣለው» ነው ያሉኝ። አንዱማ «አንተ ደግሞ ከሙዚየም ነው ያመጣኸው?» አለኝ።

አልጣልኩትም። ክፍሉ ዛሬ 30 ኮምፒውተር ይዟል፣ ሁለቱም ስዊቾች ይሠራሉ። እኔም ለሚቀጥለው ሰው ብዬ የመነሻውን ማንዋል አሳትሜ በስፓይራል አስጠረዝኩት። ገጹ ላይ ፓስወርድ ስለ መመለስ የሚለው ቦታ ላይ ወረቀት አጠፍኩበት። የሠራሁትንም ኬብል ከጀርባው ጋር በላስቲክ አሰርኩት፤ ያለ እሱ ማንዋሉ ጥቅም የለውም።

ለጋሼ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አወጡ። ገለጡ፣ ገለጡ፣ ሥዕሉን አዩ። ከዚያ የሞዴል 19 ጥራዛቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወረቀት እኮ ነው» አልኩ።

«ያኔ ስትጠይቀኝ አልገባም ያልኩህ መዝገቡን አይቼ አይደል? ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ የሚጠይቀኝ ሰው ምን እለዋለሁ?»

«ማንዋል፣ ብዛት አንድ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ኬብል፣ ብዛት አንድ»። ከዚያ ቀና ብለው «ያስረከበው ማን ይባል?» አሉኝ።

ትንሽ አሰብኩና «ኢንተርኔት አርካይቭ ይበሉት» አልኳቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠየቁኝ ጻፉት፤ ከታች ግን እኔን አስፈረሙኝ።